ካርድ፦ ወረቀቱን ተሻግሮ የሄደ ቃል

ጫግኒ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ቆሞ «ካርድ አለ?» ያለውን ሰው ባለሱቁ ምን ዓይነት ካርድ እንደፈለገ አይጠይቀውም፤ «የስንት?» ብቻ ይለዋል። ይኸው ሰው አሞት ሆስፒታል ቢሄድ ደግሞ «ካርድ አለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ አሁን ነገሩ ከስልክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ካርድ ተሰጠን» ሲለው ሌላ ነገር ነው። ኳስ ሜዳ ዳኛው ከኪሱ የሚመዘው ሌላ፣ ከሠርግ ቤት በሰው እጅ የሚላከው ሌላ። ሁሉም ካርድ ነው። ግራ የሚጋባው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ የቀረው አድማጭ ከቦታውና ከግሡ ፍቺውን ወዲያው ያገኘዋል።

ጫግኒ የጓንጓ ወረዳ ከተማ ናት። ከእንጅባራ ተነስቶ ወደ ግልገል በለስ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ በመሐሏ ያልፋል። በቀድሞው የአስተዳደር አከፋፈል የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ገበያዋ ላይ አማርኛና አውኚ አብረው ይሰማሉ፤ ከቆላው የሚመጡ የጉምዝኛ ተናጋሪዎችም አሉ። የእንግሊዝኛ ቃል እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ የሚገባው በመዝገበ ቃላት በኩል አይደለም። በሱቅ መስኮት፣ በሆስፒታል መዝገብ ክፍል፣ በቀበሌ ጠረጴዛ በኩል ይገባል፤ እንግሊዝኛ ፊደል ቆጥሮ የማያውቅ ሰውም ቀን በቀን ይናገረዋል። ካርድን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት የብዙ ሰው ጉዳይ የሚፈጸመውም የሚሰናከለውም በእሱ ስለሆነ ነው።

ከስልኩ እንጀምር። ሞባይል ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ቅድመ ክፍያው ወደ ገጠር ከተሞች ሲዳረስ ሰው እጅ የገባው ትንሽ ጠንካራ ወረቀት ነበረ፤ ምስጢር ቁጥሩ በግራጫ ቅብ ተሸፍኖ፣ በሳንቲም ወይም በጥፍር እየተፋቀ የሚነበብ። ኮከብ 805 ኮከብ ብሎ፣ ቁጥሩን አስገብቶ፣ በመሰላል ምልክት መዝጋት ያኔ በየቤቱ ልጆች ለሽማግሌዎች የሚሠሩት ሥራ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ቃሉ ከወረቀቱ ተላቀቀ። «ካርድ ሞላሁ» የሚለው ሰው ወረቀት አልሞላም፤ ስልኩ ውስጥ ገንዘብ አስገባ። «ካርድ አለቀብኝ» ሲል ያለቀው ሂሳቡ ነው። «ኔትወርኩ ካርዴን በላው» ሲልም የተበላ ወረቀት የለም፤ የጥሪው ሂሳብ ሳያናግረው አለቀበት ማለቱ ነው።

ከዚያ ወረቀቱ ራሱ መጥፋት ጀመረ። በኮከብ 806 ከስልክ ወደ ስልክ ሂሳብ ማስተላለፍ መጣ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው ኩባንያ ሆኖ ገበያውን ተቀላቀለ። ዛሬ ብዙ ሰው አንዲት ወረቀት ሳይፍቅ ይደውላል። አዲስ አበባ ያለች ልጅ ግን ጫግኒ ያለውን ወንድሟን «የ50 ብር ካርድ ላኩልህ» ትለዋለች፤ እሱም «ካርዱ ደረሰኝ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ላኪዋም ተቀባዩም ካርድ በዓይናቸው አላዩም። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ8100 አጭር መልእክት ሲዋጣ የነበረው ገንዘብም የሚቆረጠው ከዚሁ «ካርድ» ነበር። ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪኖች በጫግኒ በኩል ግድቡ ወደሚሠራበት ወደ ጉባ ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሞ ላያቸው ሰው፣ ከስልኩ የተቆረጠው ሂሳብም ወደዚያው እየሄደ ነበር።

በእንግሊዝኛው ካርድ በመሠረቱ የቅርጽ ስም ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ትንሽ፣ አራት ማዕዘን ወረቀት ወይም ፕላስቲክ። በኛ አፍ ግን የመብት ስም ሆኗል። ካርድ ያለው ሰው መናገር፣ መታከም፣ ክፍል ማለፍ፣ መምረጥ፣ እርዳታ መቀበል ይችላል። «ካርድ አለህ?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው «መብቱ አለህ?» ማለት ነው። የስልኩ ካርድ ወረቀቱን ጥሎ ስሙን ይዞ መቅረቱ የማይገርመኝ ለዚህ ነው፤ መጀመሪያውኑም ሰው የፈለገው ወረቀቱን አልነበረም።

የቃሉ ትውልድ ወደ ዓባይ ይመልሰናል። የጥንት ግብጻውያን ከወንዙ ዳር የሚበቅለውን፣ እኛ በጣና ዙሪያ ደንገል የምንለውን ተክል ግንዱን ልጠው፣ ውስጡን በቀጫጭኑ ሰንጥቀው፣ አንዱን ረድፍ በቁም ሌላውን በአግድም ደርበው፣ ተጭነው በማድረቅ መጻፊያ ያበጁ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ አሠራሩን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዝርዝር ጽፎታል። ግሪኮች ይህን መጻፊያ ኻርቴስ አሉት፤ ስሙ ከግብጽ እንደመጣ የሚገምቱ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። ሮማውያን ካርታ አደረጉት፣ ፈረንሳዮች ካርት፤ እንግሊዞች ከፈረንሳይኛው ወስደው በ1400 እ.ኤ.አ. ገደማ ካርድ አሉት። ያኔ ካርድ ለእነሱ ከምንም በፊት መጫወቻው ነበር። መጫወቻው አውሮፓ የታየው በ1370ዎቹ ሲሆን ከማምሉኮች ግብጽ እንደተሻገረ ይታመናል፤ ከማምሉኮች የቀረ የቆየ መጫወቻ እስከ ዛሬ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ሙዚየም ውስጥ አለ። እንግዲህ ግምቱ ልክ ከሆነ፣ ቃሉም መጫወቻውም በተለያየ ዘመን ከአንድ ወንዝ ዳር ተነስተው አውሮፓ ገብተዋል ማለት ነው። በግብጽ ደንገሉ ዛሬ ከዱር የጠፋ ያህል ነው። ጣና ላይ ግን ታንኳ ይታሰርበታል፤ ጓንጓን የሚያጠጡት ወንዞችም መጨረሻቸው ያው ዓባይ ነው።

ከዚያ አንድ ግንድ ወደ አማርኛ የገባው ቃል ብዙ ነው፤ ሁሉም በየራሱ በር ስለገባ ዝምድናቸው አይታወቅም እንጂ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ክርታስ ነው። በግእዝ መጻሕፍት ክርታስ የሚጻፍበት ነገር ነው፤ የዐረብኛው ቂርጣስም የዚሁ ወንድም ሲሆን በቁርኣን አል-አንዓም ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። የሐዋርያው ዮሐንስ ሁለተኛ መልእክት በግሪክኛው፣ በመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ወረቀትን የሚጠራው በዚሁ ኻርቴስ በሚለው ቃል ነው። ካርታ በጣሊያንኛው ድምፅ መጣ። ካርቶን፣ ካርቱን፣ ቻርት፣ ቻርተር ከየአቅጣጫው ተከተሉ። ካርድ ከመካከላቸው የመጨረሻው ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉልበቱ ግን ከሁሉም በልጧል።

ካርታ ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል። በአማርኛ ሦስት ነገር ነው፦ የምድር ንድፍ፣ መጫወቻ፣ የቤትና የቦታ ማረጋገጫ። እንግሊዝኛው ለመጫወቻው ካርድ ሲል እኛ ካርታ አልን፤ ለቀረው ሁሉ ካርድን ወሰድን። ከመጫወቻው ደግሞ የራሳችን ግስ ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ ካርታ ይበወዛል፣ ሹማምንትም ይበወዛሉ። በአማራ ክልል ገበሬው መጀመሪያ የተሰጠው የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ነበር፣ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት። በኋላ ማሳው በልኬት ሲመዘገብ ንድፍ ያለበት ማረጋገጫ መጣ፤ ሰዉ ያንን ካርታ አለው። ደብተር ያለውና ካርታ ያለው ገበሬ የሚያወሩት ስለተለያየ ሰነድ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ልዩነቱ ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ አንድ መንታ ማስታወስ ይገባል። በእንግሊዝኛ ሱፍ ማበጠሪያውም ካርድ ይባላል፤ እናቶች ጥጡን ከዳመጡ በኋላ በደጋን የሚነድፉትን ሥራ ፈረንጆቹ በሽቦ ጥርስ ይሠሩታል፣ መሣሪያውም ሥራውም ካርድ ነው። ይህኛው ግን ከደንገሉ ቤተሰብ አይደለም። የመጣው ከላቲኑ ካርዱስ ነው፤ ካርዱስ እንደ ኮሸሽላ ያለ እሾሃማ ተክል ነው። ሁለት ባዕዳን በአንድ ስም መጠራታቸው በየቋንቋው ያለ ነው።

የኳሱ ካርድ ታሪክ ስለ ቋንቋ ስለሆነ ዘለግ አድርጌ ልንገረው። ሐምሌ 1966 እ.ኤ.አ. ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝና አርጀንቲና በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። ዳኛው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክራይትላይን ናቸው፤ የአርጀንቲናው አምበል አንቶኒዮ ራቲን። ዳኛው ስፓኒሽ አይናገሩም፣ ራቲን ጀርመንኛ አያውቅም። ዳኛው ውጣ አሉት፤ እሱ አስተርጓሚ ይምጣልኝ እያለ አልወጣም ብሎ ቆመ፤ ጨዋታው ለብዙ ደቂቃ ተቋረጠ። በዚያው ጨዋታ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው እንግሊዛውያንም መቀጣታቸውን ያወቁት ቆይተው ነው። የዳኞቹ ኃላፊ እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከዚያ በኋላ መኪና እየነዱ ለንደን ኬንሲንግተን ላይ የትራፊክ መብራት ያዛቸው፤ ቢጫው ተጠንቀቅ፣ ቀዩ ቁም። መፍትሔው ይኸው ነው አሉ። ካርዶቹ በ1970 ሜክሲኮ ላይ ሥራ ጀመሩ። በዓለም ዋንጫ ቀይ የተመዘዘበት የመጀመሪያው ሰው የቺሊው ካርሎስ ካሴሊ ነው፣ በ1974።

ጫግኒ ላይ በሰፈር ግጥሚያ የሚያጫውት ወጣት ከእነዚያ ዓመታት ብዙ ዘግይቶ ተወለደ፤ ካርዱን ከኪሱ ሲያወጣ ግን አውኚ የሚናገረውም አማርኛ የሚናገረውም ጉምዝኛ የሚናገረውም ተጫዋች ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። የአማርኛው ግስ ደግሞ ልብ ይባል፤ ዳኛው ካርድ አያሳይም፣ ይመዛል። መምዘዝ የሰይፍ ነው፣ ከሰገባ የሚወጣ ነገር ነው። ቃሉን ከውጭ ወሰድን፤ ግሡ ግን ከኛ ቤት የወጣ ነው፣ ፍርሃቱንም አብሮ አመጣ። ካርዱ ከሜዳ ወጥቶ ፍቅረኞች መካከል ገባ፤ «ቀይ ካርድ ሰጠችው» ያለ ሰው ማብራሪያ አይጠየቅም። ዜናውም ወሰደው፤ የብሔር ካርድ መዘዘ፣ የመጨረሻ ካርዱን ጨረሰ ይባላል። በዚህ የፖለቲካ አጠራር ደስተኛ አይደለሁም። የሰው ማንነት የሚመዘዝ ነገር ተብሎ ሲነገር አድማጩ ሰዎቹን መርሳት ይጀምራል።

የስልኩ ውስጥ ሲም ለምን ካርድ እንደተባለ ብዙ ልጅ ይጠይቃል፤ የጥፍር ያህል የምታክል ነገር ካርድ አትመስልማ። በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሲም ሙኒክ ከተማ ሲሠራ መጠኑ ልክ የባንክ ካርድ ያህል ነበር። ስልኩ እያነሰ ሲሄድ ዙሪያዋ እየተቆረጠ ቀረ፤ ዛሬም አዲስ ሲም ሲገዛ ያ ትልቁ ፕላስቲክ ዙሪያዋን ይዟት ይመጣል። የባንኩ ካርድ ግን ልኩ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ 85.60 በ53.98 ሚሊ ሜትር። የትም አገር የታተመ ካርድ የትም አገር ማሽን ውስጥ የሚገባው፣ አንዳንዴም ማሽኑ የሚውጠው፣ በዚህ ልክ ምክንያት ነው።

ቀለም የተሰጣቸው ካርዶች ለኢትዮጵያዊ ከሁሉ የበለጠ ከባድ ናቸው። ግሪን ካርድ ሲባል ሰው ስለ አረንጓዴነቱ አያስብም፤ አሜሪካ ነው የሚታየው። ስሙን ያወጣለት በ1940ዎቹ የታተመው አረንጓዴ የመኖሪያ ወረቀት ነው፤ በ1960ዎቹ ቀለሙ ተቀየረ፣ ለአሥርት ዓመታት አረንጓዴ ሳይሆን ኖሮ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አረንጓዴነቱ ተመለሰ፤ ስሙን ግን አንድ ቀን አልቀየረም። ቢጫ ካርድ ደግሞ የዜግነት ለውጥ ላደረጉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው መታወቂያ ነው፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖር፣ መሥራት ያስችላል። በጤና ጣቢያው ቢጫ ካርድ የሚባለው ግን የውጭ ተጓዥ የሚይዘው የክትባት ማስረጃ ነው፤ ኳስ ሜዳ ያለውን ቀድመን አይተናል። አንድ ቀለም፣ ሦስት ጉዳይ።

የትምህርት ቤቱን ካርድ ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማብራራት አያሻውም። ደረጃው ዝቅ ያለበት ልጅ ካርዱን ወደ ቤት ሲወስድ የሚራመደው አረማመድ በቂ ነው።

የሆስፒታሉ ካርድ ግን ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የሚሳሳተው የታመመ ሰው ነው። «ካርድ ማውጣት» የምንለው ታካሚው ሲመዘገብ ነው። የሚወጣው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ መዝገብ ክፍል የሚቀመጠው የታካሚው ማኅደር፣ ሌላው ለታካሚው የሚሰጠው ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት። ትንሹ ወረቀት ከጠፋ ትልቁን ማኅደር ማግኘት ያስቸግራል፤ ያኔ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ ያለፈው ሕክምና ታሪክ ከአዲሱ ሐኪም ዓይን ይሰወራል። ቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት፣ የማይስማማው መርፌ፣ የእርግዝና ክትትሉ ሁሉ በአሮጌው ቁጥር ስር ይቀራል። ስለዚህ ያችን ወረቀት ከመታወቂያ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ መታወቂያ አለ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጫግኒ ካለችበት የአዊ ዞን ጋር አጎራባች የሆነው ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር። እሱም በሰዉ አፍ ካርድ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ ከክፍያ አያድንም።

ከሁሉ የከበደው ካርድ ጫግኒ ላይ የታየው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከመተከል ዞን በጥቃትና በግጭት የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከተማዋ አጠገብ ራንች በተባለው ቦታ ተጠለሉ። የቦታው ስም ራሱ እንግሊዝኛ ነው፣ ከከብት ማራቢያው የመጣ። ቤቱ ተቃጥሎበት፣ መታወቂያውንም የመሬት ደብተሩንም ጥሎ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው መመዝገብ ነው። በመጠለያ ጣቢያ የእርዳታ ካርድ የቤተሰቡን ኃላፊ ስምና የቤተሰቡን ቁጥር ይይዛል፤ እህል በታደለ ቁጥር ምልክት ይደረግበታል። ስሙ ሳይመዘገብ የቀረ፣ ዘግይቶ የደረሰ፣ ወይም ከተመዘገበ በኋላ ልጅ የተወለደለት ሰው እህሉ አይበቃውም። ስለ ካርድ ትርጉም ለሚጽፍ ሰው ከዚህ በላይ ግልጽ ፍቺ የለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ካርድ ማለት የልጆች ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ የስንዴ ኪሎ ነው። ምዝገባ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሥራ በጥንቃቄና በርኅራኄ መሥራት አለባቸው የምለው ለዚህ ነው፤ ስም ሲጻፍ የሚሳት አንድ ፊደል የአንድ ቤት እራት ሊያስቀር ይችላል።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ በመሠረቱ ካርድ አይደለም፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው። አሻራና የዓይን ብሌን ስለተመዘገበ፣ የታተመው ቢጠፋም ቁጥሩ አይጠፋም። ሰዉ ግን «ፋይዳ ካርድ አወጣህ?» ይላል፤ የስልኩ ካርድ የሄደበትን መንገድ ይኸኛውም ይዞታል። ካርድ ወደ ቁጥር በተለወጠ መጠን ደግሞ ሌባው ወረቀት መስረቅ ትቶ ቁጥር መጠየቅ ይዟል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የፈቁትን የካርድ ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ደዋይ፣ የባንክ ካርድ ምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ፣ ስልክ ላይ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር አንብቡልኝ የሚል ደዋይ ሦስቱም አንድ ሥራ ላይ ናቸው፤ ባንክም ቴሌም ይህን በስልክ አይጠይቅም። ስልኩን መዝጋት ነው።

በመጨረሻ ለመስኮት ሠራተኞች የማቀርበው አንድ ልመና አለ። ከገጠር የመጡ እናት መዝገብ ክፍል ቀርበው «እማማ፣ ካርድ አለዎት?» ሲባሉ «አዎ ልጄ፣ ትናንት ልጄ ሞልቶልኛል» ቢሉ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ እሳቸው የሚያውቁት ካርድ የልጃቸውን ድምፅ የሚያመጣላቸው ነው። ጠያቂው ጥቂት ቃል ጨምሮ «እማማ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ? ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ሰጥተንዎት ነበር?» ቢላቸው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ያወጡለታል።